ግብጾቹን፣ እኛንና ሆላንዳዊውን የመዘኑት አጎቴ ጃይካራን

ሁለት ሕዝብ ፊት ለፊት በሰፈረበት መንገድ ሁሉ፣ መሃል ላይ ሚዛን ይዞ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ደሞዝ የለውም፤ የዓመት ፈቃድም አይወጣም። የእነዚያ ልጅ ምን ተማረ፣ የእነዚህ ልጅ የት ቀረ፣ ማን ቤት ገዛ፣ የማን ጣሪያ ያፈሳል፣ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ሲያስተያይ ይውላል። እናንተም ሰፈር አንድ አለ። «እኛ ሰፈር የለም» የምትሉ ከሆነ ምናልባት ራሳችሁ ልትሆኑ ስለምትችሉ ጎረቤት ጠይቁ።

የኛ መንገድ ሊቀ ሚዛን ክቡር አጎቴ ጃይካራን ነበሩ። አጎቴ ስላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ እኛ ጉያናዎች ዘንድ ከአባትሽ ዕድሜ የሚቀራረብ ሰው ሁሉ አጎት ነው። እኔ ስድሳ ዓመት ሞልቶኝም «አንቺ ልጅ» ከማለት አልተመለሱም።

መንገዳችን ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ያለች አጭር መንገድ ናት። በፀሐይ ወገን ግብጾች ይኖራሉ፣ በጥላ ወገን እኛ። ማን እንዲህ እንደደለደለን አይታወቅም። አጎቴ ጃይካራን ግን ክሳቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ ነበር። «ፀሐይዋን እንኳ እነሱ ወሰዷት!» ይላሉ። በኛ በር ላይ ጸሎት ባደረስን ቁጥር በቀርከሃ የምንሰቅላቸው ባለቀለም ባንዲራዎች አሉ፤ በነሱ በር ላይ ከሆሳዕና የተረፈ የዘንባባ መስቀል ይደርቃል። አጎቴ ጃይካራን ሁለቱንም በየሳምንቱ ይቆጥራሉ።

በወጣትነታቸው፣ በአገራችን በበርቢስ፣ በስኳር እርሻው ቦይ አገዳ ጭነው የሚመጡ ጀልባዎችን ይመዝኑ ነበር። «ጎን ለጎን አቁማቸው!» ብለው ሲጮኹ ሌላ መንደር ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። አሜሪካ መጥተው ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ማሞቂያ ጠባቂ ሆነው ሠሩ። ጀልባው እዚያው ቀረ፣ ጩኸቱ ግን አብሯቸው መጣ።

«ግብጹን ተመልከቺው» ይሉኛል አጥሩ ላይ ተደግፈው። «ኢንጂነር ሆኖ መጣ። ምን ሠራ? ታክሲ ነዳ። ከዚያስ? የምግብ ጋሪ ገፋ። ለምን? እንግሊዝኛው አልላወስለት ብሎ! እኛስ? ቋንቋውን አፋችን ውስጥ ይዘን ከአውሮፕላን ወረድን። ሚስት ሽማግሌ ትጦራለች፣ ባል የመሥሪያ ቤት በር ይጠብቃል፣ አማት ሕፃን ትይዛለች፣ ምድር ቤት ውስጥ የእህት ልጅ እናስገባለን፤ በስድስት ዓመት ቤት ገዛን!»

«እንግዲያ በለጥናቸው ማለት ነው አጎቴ?»

«ቆይ እንጂ! የባለጋሪው ልጅ ፋርማሲስት ሆነ። የበር ጠባቂው ልጅስ? ሌላ በር ይጠብቃል። ጎን ለጎን አቁማቸው!»

እንግዲህ ልጅ አስተማሪው ግብጽ ነው ወይስ ቤት ገዢው ጉያናዊ ነው የተሳካለት ብላችሁ ብትጠይቋቸው ምሳችሁ ይቀዘቅዛል። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ኡም አባኑብ ብቻ ነበረች የምታቋርጣቸው። ኡም አባኑብ ማለት የአባኑብ እናት ማለት ነው፤ ግብጾች ሴትን በልጇ ስም ይጠራሉ። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት አሥራ አራት ዓመት አብራኝ አንሶላ ያጠፈች ጓደኛዬ ናት። አንድ ቀን ሙሉክያ የሚሉትን የቅጠል ወጣቸውን ይዛልኝ ስትመጣ አጎቴ ጃይካራን ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና፣ «ይኼ የኛ ካላሉ ነው። ቅጠሉን አደቀቃችሁት እንጂ ያው ነው። በወጥ እኩል ነን» ብለው ፈረዱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆቻችንን ጨርሰህ ድስት መመዘን ጀመርክ?» አለቻቸው።

«ድስቱ ላይ ነው የሚታየው የኔ እመቤት! ሰው የሚሳካለት ከድስቱ ጀምሮ ነው!»

እስከዚህ ድረስ የምታውቁት ዓይነት ሰው ናቸው። የማታውቁት የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

አንድ ክረምት «በነሱ ወገን ሁለት ፋርማሲስት፣ በኛ አንድም የለም» ብለው ሳምንቱን ሙሉ አማረሩ። አርባ ቀን ሳይሞላ በኛ ወገን ባዶ የነበረውን ጥግ ቤት ባልና ሚስት ገዙት። ከአገራችን ዋና ከተማ ከጆርጅታውን ነው የመጡት። ሁለቱም ፋርማሲስቶች ናቸው። ሳቅን። በሌላ ጊዜ ደግሞ «በኛ ወገን ሁለት ጣሪያ ያፈሳል፣ የነሱ ደረቅ ነው» አሉ። ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ጠብታ ዝናብ ባልነበረበት ሳምንት፣ በፀሐይ ወገን የሁለት ቤት ኮርኒስ በውኃ ራሰ። የቧንቧ ሠራተኛው ከየት እንደመጣ ሊያገኘው አልቻለም። ያኔ ትንሽ ነው የሳቅነው።

ከዚያ በቀጠለው ዓመት «ዘንድሮ ከኛ ሁለት ቀበርን፣ ከነሱ ማንም አልሞተም» አሉ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። አርባ ቀን ሳይሞላ የግብጾቹ ቤተ ክርስቲያን ደወል ከመንገዳችን ለወጡ ሁለት ሬሳዎች ተደወለ። ከዚያ ወዲያ አጎቴ ጃይካራን አጥራቸው ላይ ሲደገፉ በሁለቱም ወገን መጋረጃ ይወርድ ጀመር።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ነበረች። የግብጽና የጉያና ስደተኞች ኑሮ እንዴት እንደሆነ አነጻጽሬ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብላ መጠይቅ ይዛ መጣች። አጎቴ ጃይካራን እንደ ጠፋች ልጃቸው ተቀበሏት፤ አራት ቀን በየቤቱ እየመሩ አዞሯት። በአራተኛው ቀን በኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ደመረች። ቤት የገዛ፣ ኮሌጅ የጨረሰ፣ ነርስ የሆነ፣ ሥራ የፈታ፣ ከሚስቱ የተፋታ፣ በየመስመሩ የሁለቱ ወገን ቁጥር እኩል ነበር። እንደገና ደመረች። «ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሰው እንዲህ አይሆንም» አለችኝ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ካየች በኋላ ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ጃንጥላዋ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ፤ ልትወስደው አልተመለሰችም።

አጎቴ ጃይካራን ግን አልገረማቸውም። ምክንያቱን ያውቁት ነበር። በኛ አገር መሬት ሁሉ ጌታ አለው። ወረቀት የያዘውን ማለቴ አይደለም፤ ከወረቀቱ በፊት የነበረውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድሮ አገራችንን ሲገዙ ከነበሩት ሆላንዳውያን አንዱ ነው፤ ሞቶም እርሻውን አልለቅ ያለ። ቤት የገዛ ሰው በግቢው ጥግ አንድ ብርጭቆ ሩምና የተለኮሰ ሲጋራ እያስቀመጠ አብሮት ይኖራል። አጎቴ ጃይካራን ይህን ባሕር ማዶ ትተውት የመጡ መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን ግን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የቆየ ካርታ አይተው፣ ስሜን እየጠሩና እያለከለኩ ወደኔ መጡ።

«ድሩፓቲ! ይህም የሆላንድ እርሻ ነበር! ሰውዬው እዚህም ቀድሞን ደርሷል!»

በካርታው ላይ መንገዳችን የለችም። የፀሐይ ወገንና የጥላ ወገን አንድ እርሻ ነበሩ። አጎቴ ጃይካራን እንዳስረዱኝ፣ ሆላንዳዊው መንገዱ መሠራቱን አልሰማም፤ ግብጽና ጉያና ምን እንደሆኑም አያውቅም። እርሻው በአንድ በኩል ከፍ በሌላው ዝቅ ያለ መሆኑን ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ሲሰማ፣ ተነሥቶ ያስተካክላል። እሳቸውም በየሳምንቱ ሩሙን ያስቀምጡለታል፣ ብርጭቆው ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። እኔ በሽኮኮዎች አመካኝ ነበር። ቢሆንም ማንም በማያጨስበት መንገድ ላይ አንዳንዴ የፒፓ ትምባሆ ይሸተኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ስለ ካሚኒ ልንገራችሁ። ካሚኒ የአጎቴ ጃይካራን አንድያ ልጅ ናት። እሷና የኡም አባኑብ ልጅ አባኑብ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሆስፒታል ተወለዱ። ለሊቀ ሚዛን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አልነበረም፤ ለካሚኒ ግን ከዚህ የባሰ መርገም አልነበረም። ማን ቀድሞ ጥርስ አበቀለ፣ ማን ቀድሞ ማንበብ ቻለ፣ ሲባል አደጉ። አባኑብ ፋርማሲ ሲማር ካሚኒ ነርስነቱን ከሁለት ዓመት በኋላ ትታ አሳንሰር መጠገን ተማረች። ጎበዝ ነበረች። እጇ የነካው ነገር ተበላሽቶ አይቀርም ነበር።

አባኑብ የተመረቀ ዕለት ሁለቱም ወገን መንገዱ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ሲበላ፣ አጎቴ ጃይካራን ብርጭቆ ይዘው ተነሡ። «ጎን ለጎን አቁማቸው!» አሉ። ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አቆሟቸው። አንዱን አዩ፣ አንዷን አዩ። ከዚያ፣ «የኔዋ ጀልባ ባዶዋን መጣች» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። አባኑብ ግን «ኧረ አጎቴ!» ብሎ እጇን ያዘ። እሷ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና የመሣሪያ ቦርሳዋን ከቤት አውጥታ ሄደች። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ቶሮንቶ እንደምትኖር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ላልናገር ምዬላት ነበር።

አባቷ ስሟን ጠርተው አያውቁም ነበር። ባለፈው ጥር፣ የግብጾቹ ገና ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ግን፣ አባኑብ እንደልማዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተባረከ ዳቦ ሊሰጣቸው ወደ አጥሩ መጣ። ዳቦውን ተቀበሉት። እሱ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ በዓይናቸው ተከተሉት። እኔና ኡም አባኑብ በረዶ እየጠረግን ነበር።

«በናንተ ወገን ልጅ ሁሉ እሁድ እሁድ ወደ ቤቱ ይመጣል» አሉ ቀስ ብለው። «በኛ ወገን አንዲት ልጅ አትመጣም።»

ነፋስ አልነበረም፤ ባንዲራዎቹ ግን በኛ ወገን ሁሉ አንዴ ተንቀሳቀሱ። የትምባሆው ሽታ መጣ። ኡም አባኑብ አካፋዋን ጥላ አማተበች።

«አንተ ሰውዬ! ምን አፍህን አስከፈተህ? መልሰው! አሁን መልሰው!»

አጎቴ ጃይካራን ፊታቸው አመድ መሰለ። ያሉትን የሰሙት ገና ያኔ ነው።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አባኑብ ፋርማሲው ውስጥ መድኃኒት ሲያቀብል ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉ። ነፍሱ አልወጣችም፤ ግን አልነቃም። እሁድ መጣ፣ አባኑብ ወደ ቤቱ አልመጣም። ሌላ እሁድ መጣ። በፀሐይ ወገን አንድ ልጅ፣ በጥላ ወገን አንድ ልጅ። እኩል ሆንን።

አጎቴ ጃይካራን ዝም አሉ። ባወቅኋቸው በአርባ ዓመት ውስጥ ያልሆነ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ድምፅ ሰምቼ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ሽማግሌው በረዶው ላይ ተንበርክከዋል። ፊታቸው ሁለት ብርጭቆ ሩም አለ።

«ጌታዬ፣ ቃሌን አነሣለሁ» ይላሉ። «ሚዛኑን አሳስቼ ነው ያነበብኩት። እሷ ያልመጣችው በኔ ነው፤ ከነሱ ወገን ማንም ምንም አልወሰደብኝም። የማልረባውን እኔን ውሰድና ልጁን መልስ። ካነሰብህ ቤቱን ጨምርበት።»

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አየሁ። ሁለቱም ብርጭቆዎች እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ። ሆላንዳዊው ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠጣም። ሽኮኮዎቹ የት ሄዱ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ መጡ። ጀርባቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው ደጃፉን የተሻገሩት። በኛ ዘንድ አንድ ነገር ይከተለኛል ብሎ የፈራ ሰው እንዲህ ነው ሰው ቤት የሚገባው፤ የሚከተለውን ነገር ፊት ለፊት እያየ ደጅ እንዲያስቀረው። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሲቀመጡም ዓይናቸው ከበሩ አልተነሣም።

«ድሩፓቲ፣ የት እንዳለች ታውቂያለሽ።»

«አጎቴ፣ እኔ...»

«ተዪ። አድራሻዋን አልፈልግም። ለኔ ብላ ትምጣ አላልኩም። እሷ ወደ ቤቷ ከመጣች እሱም ይመጣል። ሌላ መንገድ የለውም። ነገሩ እኩል መሆን አለበት።»

እኔ አንሶላ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ ማን እንደሚነቃና ማን እንደማይነቃ ማንም እንደማያውቅ አውቃለሁ። ሽማግሌው ግን ያኔ ዓይናቸውን ከበሩ አንሥተው ወደ ስልኬ አዩ። ስልኬን አንሥቼ፣ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁትና ደወልኩ። ነገሩን ከጥር ጀምሬ ነገርኳት።

ካሚኒ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አክስቴ ድሩፓቲ፣» አለች፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው እኮ ይህንኑ ነው። አሳንሰሩ ሲወጣ ማዶ ያለው ክብደት ይወርዳል። የሚያደርገው ገመድ ነው፤ ሆላንዳዊ አይደለም።»

«ካሚኒ» አሉ አጎቴ ጃይካራን።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ካሚኒ፣ ጀልባዋ ባዶ አልነበረችም። ሚዛን አንባቢው ነው ዕውር የነበረው።»

  «ለአባኑብ ስል እመጣለሁ» አለች ካሚኒ። «እሱ ያን ቀን እጄን ይዞኝ ነበር። አንተ ግን አንድ ቃል፣ አንዲት የንጽጽር ቃል ከአፍህ ከወጣች፣ በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ። ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ነው የወጡት።

እሁድ ቀትር ላይ መጣች። ከከተማችን አጠገብ ካለው ባሕረ ሰላጤ የመጣ ጉም መንገዱን ሞልቶት ከቤቴ ሆኜ የግብጾቹን ቤት ማየት አልቻልኩም ነበር። በጉሙ ውስጥ ያለው የትምባሆ ሽታ ልብስ ላይ ይጣበቅ ነበር። በሁለቱም ወገን በየበሩ ሰው ቆሟል፤ ማንም አልጠራቸውም። መጀመሪያ እርምጃዋን ሰማን። ከዚያ ያንኑ የመሣሪያ ቦርሳ ይዛ ከጉሙ ወጣች። ከኋላዋ ሌላ ከባድ እርምጃ የተሰማኝ መሰለኝ፤ እሷ ስትቆም ግን ያም ቆመ። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

አጎቴ ጃይካራን በሩን ከፍተው ቆመዋል። ቃል እንዳይወጣቸው ፈርተው ቀኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ካሚኒ አየቻቸው። ደረጃውን ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ሁላችንም እግሯን ነበር የምናየው። ከዚያ ገባች።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ኡም አባኑብ ናት፣ ከሆስፒታል።

«ድሩፓቲ! ዓይኑን ከፈተ! ውኃ አለኝ! ልጄ ውኃ አለኝ!»

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም፤ ሰዓቴን ያየሁት እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጮክ ብዬ ለመንገዱ ሁሉ ነገርኩ። ከሁለቱም ወገን እልልታና ለቅሶ ሲነሣ፣ አጎቴ ጃይካራን አሁንም አፋቸውን ይዘው፣ እንባቸው በጣታቸው መሃል ይወርዳል።

«አባዬ፣ እጅህን አውርድ» አለች ካሚኒ። «ትታፈናለህ።»

በግንቦት አባኑብ ምርኩዝ ይዞ መራመድ ጀመረ። ካሚኒም በወር አንዴ መምጣት ጀመረች። አንድ እሁድ ሁለቱ በአጋጣሚ በአጎቴ ጃይካራን በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። መንገዱ ሁሉ አየ፤ ሥራውን የያዘ ሁሉ አቆመ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አንዱን አዩ፣ አንዷን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። ካሚኒ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ጠበቁ። እኛ ግን አልቻልንም። ከኛ ወገን የጎረቤታችን የማንግሩ ልጅ ኢንጂነር ሆነ፤ አባቱ አጥሩ ድረስ መጥቶ ነገራቸው። «ጥሩ ነው» አሉት። ግብጾቹ ሁለተኛ ፋርማሲ ከፈቱ፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ተገተረ። «ጥሩ ነው» አሉት። ሰዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሌላ ቃል አይመጣም፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። ማን እንደበለጠ የሚነግረን ጠፍቶ መንገዳችን ግራ ገባት። ለካ የምንሮጠው እሳቸው እንዲያዩን ነበር።

በመስከረም፣ ከምሳ በኋላ፣ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ካሚኒ ከጎናቸው ነበረች። ለቅሶው ላይ ግብጾቹም መጥተው እንደኛ የለቅሶ ወግ ከኛ ጋር ዶሚኖ ተጫወቱ። ኡም አባኑብ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ስታሰላ አየኋት።

«ከናንተ አንድ ጎደለ» አለችኝ። «ከኛ ወገን ለሱ በዕድሜ የምቀርበው እኔ ነኝ።»

ቀልዷን አልነበረም። ንስሐ ገባች፣ መጋረጃዋን አጠበች፣ የሙሉክያ ድስቷን ለኔ አወረሰች። በየቀኑ ጠዋት መጋረጃዬን ገልጬ መብራቷ መብራቱን ሳላይ ቡና አልጠጣም ነበር። አርባው ቀን ሞላ። በአርባ አንደኛው ቀን የቤቴ በር ሊሰበር እስኪደርስ ሲደበደብ ከፈትኩት።

«አየሽው?» አለች እያለቀሰች። «አየሽው ያን ሰውዬ? አልጠራኝም! እስከ መጨረሻው እኛን አስበልጦ ሄደ! አንድ ሰው ትርፍ ሆነን እኮ ቀረን!»

አርባው ቀን ሳይሞላ ልተማመንበት ስላልደፈርኩ ያልነገርኳትን ያኔ ነው የነገርኳት። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ በአጥሩ ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለሆላንዳዊው ነግሬዋለሁ፤ እኔን በቁጥር እንዳያስገባኝ» ብለውኝ ነበር። «ምነው አጎቴ?» ብላቸው፣ «ሚዛን የሚያነብ ሰው ጀልባው ላይ አይወጣም» አሉ። ኡም አባኑብ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ድስቷን መልሼላታለሁ።

በጣም ነው የናፈቁኝ። ካሚኒ ቤቱን አልሸጠችውም፤ ጓሮውን እንዳይ ቁልፉን ሰጥታኛለች። ስለዚህ አሁን ሩሙን የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ማስቀመጥ አለበት። ሁለት ብርጭቆ ነው፤ አንዱ ለሆላንዳዊው፣ አንዱ ለሳቸው። ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ፣ በርከክ ብዬም እኩል መሆናቸውን በዓይኔ እለካለሁ። ባለፈው እሁድ ጠዋት ስሄድ የአንደኛው ብርጭቆ በአንድ ጣት ያህል ጎድሎ አገኘሁት። የማን እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። እኩል እስኪሆኑ ድረስ ጨመርኩበትና ወደ ቤቴ ገባሁ።